የቦርዶ ወይን ጠጅ ማርጀትን የተማረበት ታሪክ

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ጋሮንና ዶርዶኝ የተባሉት ወንዞች ተገናኝተው ዢሮንድ የሚባለውን ሰፊ የወንዝ አፍ በሚሠሩበት አገር የምትገኘው የቦርዶ ከተማ፣ ለረጅም ዓመታት በጓዳ ተቀምጦ በሚጠጣ ቀይ ወይን ጠጅ ዛሬ በዓለም ቀዳሚ ስም አላት። ይህ ስም ግን ከንግዷ ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። ከተማይቱ ወይን ጠጇን በመርከብ ጭና መሸጥ ከጀመረች በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ገበያው ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጠው ለዘንድሮው መጠጥ እንጂ ለአምናው አልነበረም፤ በወንጌል ውስጥ አሮጌው ወይን ጠጅ ከአዲሱ ሲመረጥ ያነበበ ሰው በመካከለኛው ዘመን በቦርዶ ወደብ ላይ ቢቆም ኖሮ ነገሩን ተገልብጦ ባገኘው ነበር። ሚዛኑን የለወጡት ጠርሙስ፣ ቡሽና ዲን የተባሉ ሦስት ተራ ነገሮች ሲሆኑ፣ እነርሱም በአንድ ጊዜና በአንድ ሰው ጥበብ ሳይሆን ከየአገሩ በየተራ መጥተው የተገጣጠሙ ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይን ጠጅን ማስረጀት በጥንቱ ዓለም ፈጽሞ የማይታወቅ ነገር አልነበረም። ሮማውያን አምፎራ በሚሉት፣ ሁለት ጆሮና ጠባብ አንገት ባለው የሸክላ ዕቃ ውስጥ ወይን ጠጅ ሞልተው አፉን በመድፈን ምርጥ ምርጡን ለብዙ ዓመታት ያስቀምጡ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ121 ዓመት ተጠምቆ በዘመኑ ቆንስል በኦፒሚዮስ ስም የተጠራው መጠጥ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ እንኳ ጥቂቱ እንደነበረና እንደ ማር መወፈሩን ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ መዝግቧል። የዛሬዋ ፈረንሳይ ጥንታውያን ነዋሪዎች የነበሩት ጎላውያን ግን ከእንጨት የሚሠራ በርሜል ይጠቀሙ ነበር። በርሜል ቢወድቅ እንደ ሸክላ አይሰበርም፣ በመሬት ላይ እየተንከባለለ ይሄዳል፣ ከራሱም ክብደት አንጻር ብዙ ይይዛል፤ ስለዚህ ከጊዜ በኋላ አምፎራን ከገበያ አስወጣው። ነገር ግን እንጨት ትንፋሽ አለው፣ ትንሽ ትንሽ አየር ያስገባል፤ ብዙ አየር ባገኘ ወይን ጠጅ ላይ ደግሞ ኮምጣጤን የሚሠሩ ተሕዋስያን ይራቡበታል። አውሮፓ ለመጓጓዣ የቀለላትን ዕቃ ስትመርጥ የማስረጀቱን ጥበብ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አጥታዋለች ማለት ይቻላል።

በ1152 የአኪቴን ግዛት ወራሽ የነበረችው ኤሌኖር ሄንሪ ፕላንታጀኔትን አገባች፤ ባሏ ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ሲሆን ቦርዶ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ገባች፣ በዚያም እስከ 1453 ማለትም በካስቲዮን ጦርነት እንግሊዞች እስከ ተሸነፉበት ዓመት ድረስ ቆየች። በእነዚህ ሦስት መቶ ዓመታት በየመከሩ ብዙ መርከቦች ወደ ቦርዶ እየመጡ ገና መፍላቱን የጨረሰውን አዲስ ወይን ጠጅ ጭነው ወደ ለንደን፣ ወደ ብሪስቶልና ወደ ሌሎች ወደቦች ይመለሱ ነበር። መለኪያቸው 900 ሊትር ገደማ የሚይዘው ቶኖ ሲሆን፣ ይህም የ225 ሊትር አራት በርሜሎች ማለት ነው፤ እስከ ዛሬ የመርከብ አቅም በቶን የሚለካው ከዚሁ የወይን ጠጅ በርሜል በተወረሰ ልማድ ነው። መጠጡ ክሌሬ ይባል ነበር፤ ጭማቂው ከቀይ ወይን ልጣጭ ጋር ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሚቆይ ቀለሙ የፈዘዘ፣ ጣዕሙም የቀለለ ነበር። እንግሊዞች ለቦርዶ ቀይ ወይን ጠጅ የሰጡት ክላሬት የሚለው መጠሪያ ከዚሁ ስም የመጣ ነው። ክሌሬ ጸደይ ሲገባ ሽታው እየደበዘዘ፣ በጋ ላይ እየኮመጠጠ ስለሚሄድ፣ አዲሱ ጭነት በመከር ሲደርስ ያለፈው ዓመት ቅሪት በርካሽ ይሸጥ ወይም ይደፋ ነበር።

የመጀመሪያው ለውጥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሆላንዶች መጣ። ሆላንዳውያን መሐንዲሶች ከቦርዶ በስተሰሜን፣ በዢሮንድ ግራ ዳርቻ የተዘረጋውን የሜዶክን ረግረግ በቦይ አጠንፍፈው ለእርሻ ሲያመቻቹ፣ በዚያው አገር ወንዞች ከጥንት ጀምረው የከመሩት የጠጠር ጉብታ በኋላ ዘመን ታላላቅ የወይን እርሻዎች የሚተከሉበት መሬት ሆነ። ነጋዴዎቻቸው ደግሞ በዲን የተነከረ የጨርቅ ክር በባዶ በርሜል ውስጥ እያቃጠሉ ማጠንን አስተማሩ፤ ፈረንሳዮችም ይህን ክር የሆላንድ ክብሪት ብለው ጠሩት። ዲን ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ኮምጣጤ የሚሠሩትን ተሕዋስያን ይገድላል፣ ወይን ጠጁም ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንዳይበላሽ ያግደዋል። ዘዴው ሲታይ የወተት ዕቃን በወይራ ጢስ እንደ ማጠን ያለ ቀላል ሥራ ቢመስልም፣ ወይን ጠጅ በበርሜል ውስጥ ክረምትና በጋን አልፎ ሳይበላሽ እንዲከርም ያስቻለው ይኸው ነው።

ሊቆይ የሚችል ወይን ጠጅ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሊቆይ የሚገባውን ወይን ጠጅ ለይቶ ማውጣት ተጀመረ፤ በዚህ ረገድ የፖንታክ ቤተሰብን ያህል የሚጠቀስ የለም። አርኖ ደ ፖንታክ የቦርዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበረ ሲሆን፣ ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ባለው የኦ ብሪዮን እርሻው የሚጠመቀውን መጠጥ ከሌላው ጋር ሳይቀላቅል በእርሻው ስም መሸጥ ጀመረ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ወይን ጠጅ በነጋዴው ወይም በአካባቢው ስም እንጂ በአንድ ማሳ ስም አይሸጥም ነበር። የእንግሊዝ ንጉሥ የዳግማዊ ቻርልስ የጓዳ መዝገብ በ1660 ገደማ ይህን ወይን ጠጅ በስሙ ጠቅሶታል፤ በሚያዝያ 1663 ደግሞ የባሕር ኃይል ሹም የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ በለንደን ሮያል ኦክ በተባለ መጠጥ ቤት ቀምሶት፣ ከዚያ በፊት አጋጥሞት የማያውቅ ልዩ ጣዕም እንዳለው በዕለት ማስታወሻው ላይ አሰፈረ። ይህ አጭር ማስታወሻ በታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ ከርዝመቱ ጋር የሚመጣጠን አይደለም፤ አንድ ቀማሽ የአንድን ማሳ ወይን ጠጅ ከሌላው ለይቶ፣ ጣዕሙን በቃላት ለመያዝ ሲሞክር የሚያሳይ ቀደምት ምስክር ነውና። ከ1666ቱ የለንደን ታላቅ ቃጠሎ በኋላ የፖንታክ ልጅ በዚያው ከተማ ስመ ጥር መጠጥ ቤት ከፈተ። ፈላስፋው ጆን ሎክም በ1677 ራሱ ኦ ብሪዮን ድረስ ሄዶ አፈሩን ተመለከተ፤ ነጭ አሸዋና ጠጠር ብቻ የሚታይበት፣ ምንም የሚያበቅል የማይመስለው መሬት ያን የመሰለ መጠጥ መስጠቱ እንደ ደነቀው ከጻፈው ይታወቃል። ድሃ የሚመስለው ጠጠር ውኃን ቶሎ ወደ ታች ያሳልፋል፣ የቀኑንም ሙቀት ለሌሊቱ ያቆያል፤ ሥሩን በጥልቀት እንዲልክ የተገደደው ወይንም ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ይሆናል።

የወይን ጠጁ መለየት ብቻውን ግን በቂ አልነበረም፤ አየር የማያስገባ ዕቃ ያስፈልግ ነበር። በ1615 የእንግሊዝ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ደን ለመርከብ ሥራ እንዲተርፍ ብሎ የብርጭቆ ምድጃዎች እንጨት እንዳያነዱ ሲከለክል፣ ብርጭቆ ሠሪዎቹ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። የከሰሉ እሳት ከእንጨቱ የበለጠ ስለሚግል የሚወጣው ብርጭቆ ወፍራምና ጠንካራ ሆነ፤ በ1630ዎቹ ኬነልም ዲግቢ የተባለው እንግሊዛዊ ባላባት ያሠራው ጠቆር ያለ ጠርሙስም የዘመናዊው ጠርሙስ አባት ተደርጎ ይቆጠራል። ከፖርቱጋል የመጣው ቡሽ ደግሞ ከባሉጥ ዛፍ ቅርፊት የሚቆረጥ፣ ሲጨመቅ የሚታዘዝና ተመልሶ የሚነፋ በመሆኑ የጠርሙሱን አንገት አጥብቆ ይዘጋል። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ሆዳቸው እንደ ሽንኩርት ያበጠ ስለነበር በጎን ማጋደም አይመችም፤ ቆሞ የሚቀመጥ ጠርሙስ ቡሽ ደግሞ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ አየርም ያስገባል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ጠርሙሱ ቀስ በቀስ እየረዘመና እየቀጠነ ሄዶ ወደ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ የዛሬውን ቅርጽ ያዘ፤ ያን ጊዜ ጠርሙሶችን አጋድሞ መደርደር ተቻለ፣ ወይን ጠጁም የገዛ ቡሹን እያረጠበ ራሱን የሚጠብቅ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ ከሚነሱት ለውጦች ሁሉ እንደዚህ የጠርሙስ ቅርጽ ለውጥ ዝምተኛ፣ ውጤቱም ሰፊ የሆነ የለም።

በቦርዶ በኩል ይህን ዕድል የተጠቀሙበት በሻርትሮን ሰፈር፣ በጋሮን ዳር መጋዘን የከፈቱ ነጋዴዎች ነበሩ፤ በ1725 ንግድ ቤቱን ያቋቋመው አየርላንዳዊው ቶማስ ባርተን ከእነርሱ አንዱ ነው። ወይን ጠጁ በኦክ በርሜል ሁለት ዓመት ያህል ሲቀመጥ በየሦስት ወሩ ከዝቃጩ እየተለየ ወደ ንጹሕ በርሜል ይዘዋወራል፤ የተነነውን ለመተካት በርሜሉ እየተጨመረበት እስከ አፉ ይሞላል፤ በመጨረሻም የአምስት ወይም የስድስት እንቁላል ነጩ ተመትቶ ይጨመርበትና ተንሳፋፊውን ጉድፍ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። በሜዶክ የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ስለሆነ ይህ ሁሉ የሚሠራው በጥልቅ ዋሻ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ሼ በሚባል፣ ከመሬት በላይ በተገነባ ወፍራም ግድግዳ ያለው መጋዘን ነው። ቶማስ ጄፈርሰን በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ በነበረበት ጊዜ፣ በግንቦት 1787 ቦርዶን ጎብኝቶ ማርጎን፣ ላቱርን፣ ኦ ብሪዮንንና ላፊትን ከሁሉ በላይ ሲያስቀምጥ፣ እነዚህ ወይን ጠጆች ሦስትና አራት ዓመት ሳይሞላቸው እንደማይበስሉ ጨምሮ ጽፏል። ከአንድ መቶ ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ አራት ዓመት የሞላው የቦርዶ ወይን ጠጅ ገዢ አልነበረውም። በሻቶ ላፊት ጓዳ ውስጥ የሚጠበቀው ጥንታዊው ጠርሙስ የ1797 ምርት ነው፤ ሻቶ የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ ግንብ ማለት ሲሆን፣ በቦርዶ ግን እርሻውን፣ መጥመቂያውንና ጓዳውን አንድ ላይ ያመለክታል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሜዶክ ውስጥ በምትገኘው በሴንት ኤስቴፍ የኮ ዴስቱርኔል እርሻ ባለቤት የነበረው ሉዊ ጋስፓር ዴስቱርኔል ወይን ጠጁን እስከ ሕንድ ድረስ ይልክ ነበር። ሳይሸጡ የተመለሱት ጠርሙሶች ሲከፈቱ አገር ቤት ከቆዩት ይልቅ የለሰለሱና የበሰሉ ሆነው በመገኘታቸው ከሕንድ የተመለሰ የሚል መጠሪያ ወጥቶላቸው ተፈላጊ ሆኑ። የባሕሩ ሙቀትና መናወጥ ዓመታትን አሳጥሮ ነበር። ዴስቱርኔል በመጋዘኑ ላይ የምሥራቁን ዓለም ሕንፃ የሚያስታውሱ ጉልላቶች አሠራ፤ በዕዳ ምክንያት እርሻውን በ1852 ሸጦ በማግሥቱ ዓመት ሞተ።

በ1855 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተዘጋጀበት ወቅት የቦርዶ ንግድ ምክር ቤት የአገሩን ወይን ጠጆች ደረጃ እንዲያወጡ ደላሎችን ጠየቀ። ሚያዝያ 18 ቀን የቀረበው ዝርዝር ቀይ ወይን ጠጆቹን በአምስት ደረጃ ከፍሎ ላፊትን፣ ማርጎን፣ ላቱርንና ኦ ብሪዮንን አንደኛ አደረገ፤ ከአራቱ ከሜዶክ ውጭ የሆነው ኦ ብሪዮን ብቻ ነው። ደላሎቹ ለዚህ ሥራ አዲስ ቅምሻ አላካሄዱም፤ መዝገባቸው ውስጥ የነበረውን የብዙ ዓመታት ዋጋ ተከተሉ። ይህ አንዳንድ ጊዜ እንደ ጉድለት ቢነገርም፣ ዋጋው ራሱ ሦስትና አራት ትውልድ ገዢዎች ከጓዳቸው እያወጡ የቀመሱት ቅምሻ ድምር በመሆኑ ከአንድ ቀን ፍርድ የጸና መሠረት ነበረው። ዝርዝሩም ከጥቃቅን ማሻሻያዎች በስተቀር እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ ትልቁ ለውጥ በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ መውጣቱ ነው።

ሉዊ ፓስተር በንጉሠ ነገሥቱ በናፖሊዮን ሣልሳዊ ጥያቄ የወይን ጠጅን በሽታዎች አጥንቶ በ1866 መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ወይን ጠጅ ለምን ያረጃል ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያውን ሳይንሳዊ መልስ ሰጠ። በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አየር ሳይተርፍ ሞልቶ ያሸገው ወይን ጠጅ ሳይለወጥ ሲቆይ፣ ግማሽ አየር የተተወለት ግን ቀለሙን ጥሎ ዝቃጭ አበጀ። ስለዚህ ኦክስጅን ብዙ ሲሆን አጥፊ፣ ጥቂት በጥቂት ሲሆን ደግሞ አብሳይ መሆኑ ታወቀ። በዚያው ዘመን ግን እርሻው ራሱ የሚጠፋበት መቅሠፍት እየቀረበ ነበር። ፊሎክሴራ የተባለች፣ የወይንን ሥር የምትመጥ ትንሽ ተባይ ከአሜሪካ ከመጣ ችግኝ ጋር ወደ ፈረንሳይ ገብታ በ1868 በሳይንቲስቱ በፕላንሾን ተለየች፤ ቦርዶንም በተከታዮቹ ዓመታት አዳረሰች። መድኃኒቱ የአውሮፓን ወይን ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማዳቀል ሆነ። ቅጠል ለሚያደርቀው ሻጋታ ደግሞ የቦርዶው ፕሮፌሰር ሚያርዴ በ1885 ከመዳብ ሰልፌትና ከኖራ የተቀመመውን፣ በመላው ዓለም ገበሬ ዘንድ የቦርዶ ውሁድ ተብሎ የሚታወቀውን ርጭት አስተዋወቀ።

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ አብዛኛው ወይን ጠጅ ከሻቶው የሚወጣው በበርሜል ሲሆን፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው በነጋዴው መጋዘን ነበር፤ ነጋዴውም ሲሻው ከሌላ አገር ጠንከር ያለ ወይን ጠጅ ይቀላቅልበት ነበር። በ1922 በሃያ ዓመቱ የሙቶንን አስተዳደር የተረከበው ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ የ1924ን ምርት በሙሉ በራሱ ግቢ በጠርሙስ ሞላ፤ በርሜሎቹን የሚያቆይበት ስፍራ ስለጠበበውም አንድ መቶ ሜትር የሚረዝም መጋዘን አስገነባ። ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ ታላቅ ዋስትና ነበር፤ ሃያ ዓመት የሚጠብቅ ገዢ ከቡሹ በስተኋላ ያለው በእርግጥ ስሙ የተጻፈው ወይን ጠጅ መሆኑን ማወቅ አለበትና።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ዣን ሪቤሮ ጋዮንና ኤሚል ፔይኖ ጓዳውን ወደ ቤተ ሙከራ አቀረቡት። ፔይኖ ፍሬው በደንብ ሳይበስል እንዳይለቀም፣ የበሰበሰው ተለይቶ እንዲጣል፣ የመፍላቱን ሙቀት እንዲቆጣጠሩ፣ ያረጀና የቆሸሸ በርሜል እንዲወገድ ባለቤቶቹን እየዞረ አስተማረ። ማሎላክቲክ የሚባለውን ሁለተኛ መፍላት፣ ማለትም ባክቴሪያዎች እንደ ጥሬ ፖም የሚቆረጥመውን አሲድ ወደ ለስላሳው የወተት አሲድ የሚለውጡበትን ሂደት፣ በአጋጣሚ ከመጠበቅ ይልቅ ሆን ብሎ መምራት የተለመደው በእነርሱ ጥረት ነው። ፔይኖ በ1980 ባሳተመው ስለ ወይን ጠጅ ጣዕም በሚናገረው መጽሐፉም ቅምሻን ከስሜት ወደ ሥርዓት አወጣው።

በዚህ ሥርዓት መሠረት ቀማሽ መጀመሪያ የሚጠቀመው በዓይኑ ነው። ብርጭቆውን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘንበል ሲያደርገው ለጋው የቦርዶ ወይን ጠጅ ጠርዙ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ዕድሜ ሲጨምር ወደ ሸክላ ቀይ፣ በመጨረሻም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ምክንያቱ ከልጣጩ የወጣው ቀለምና ታኒን የተባለው አፍን ጨምድዶ የሚይዝ ንጥረ ነገር ከዓመት ዓመት እየተያያዙ ትልልቅ ሞለኪውል መሆናቸውና ከብደው መዝቀጣቸው ነው። ጌሾ ለጠጅ የሚሰጠውን ዓይነት ጥንካሬ ለቀይ ወይን ጠጅ የሚሰጠው የፍሬው የራሱ ታኒን ነው፤ ለጋ ሳለ ምላስን ያደርቃል፣ ሲዘቅጥ ግን የቀረው ይለሰልሳል። ሽታውም ይለወጣል፤ ካበርኔ ሶቪኞን በተባለው የወይን ዝርያ ዘንድ በለጋነት የሚታወቀው የጥቁር እንጆሪ መሰል ፍሬ መዓዛ ለዝግባ እንጨት፣ ለትምባሆ ቅጠል፣ ለደረቀ የጫካ ቅጠልና ለቆዳ ስፍራውን ይለቃል። በአፍ ውስጥ የሚፈለገው ደግሞ የአሲዱ፣ የታኒኑና የአልኮሉ ሚዛን፣ ከተዋጠም በኋላ ጣዕሙ የሚቆይበት ርዝመት ነው። ያረጀው ጠርሙስ ከመከፈቱ በፊት ለአንድ ቀን ያህል ቆሞ ዝቃጩ ወደ ታች ይሰበሰባል፤ ከዚያም ከአንገቱ ሥር ሻማ አብርቶ፣ ዝቃጩ ወደ አንገቱ ሲቃረብ እስኪታይ ድረስ የብርሌ ዘመድ ወደሆነው ካራፍ ቀስ ተብሎ ይንቆረቆራል። ለማስቀመጫም ጨለማ፣ ጸጥታ፣ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማይዋዥቅ ቅዝቃዜና 70 በመቶ ገደማ የሆነ እርጥበት ይመረጣል፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ወይን ጠጁ ይቸኩላል፣ አየሩ ሲደርቅ ቡሹ ይኮማተራል።

የማቆየቱ ፋይዳ በአደባባይ የተፈተነው ግንቦት 24 ቀን 1976 ነው። እንግሊዛዊው የወይን ጠጅ ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር በፓሪስ ባዘጋጀው፣ ስም ተሸፍኖ በተደረገ ቅምሻ ፈረንሳውያን ዳኞች የካሊፎርኒያውን የስታግስ ሊፕ የ1973 ምርት ከሙቶን የ1970 ምርት አስበልጠው አገኙት። ብዙዎች የቦርዶው ወይን ጠጅ ገና ለጋ ስለሆነ ጊዜ ሲሰጠው ፍርዱ ይገለበጣል ብለው ተከራከሩ፤ ክርክሩም ከላይ በተገለጸው ሳይንስ ሲታይ መሠረት ያለው ነበር። በ2006፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እነዚያው ምርቶች በለንደንና በካሊፎርኒያ እንደገና ሲቀመሱ አንደኛ የወጣው ሪጅ የተባለው የካሊፎርኒያ ወይን ጠጅ የ1971 ምርት ሆነ። ቦርዶ ያስተማረችው ጥበብ በሌላ አፈርም መሥራቱ በዚህ ታወቀ። የቦርዶ ወይኖች ከዚያም ርቀው ሄደዋል፤ በቦርዶ የተመሠረተው የካስቴል ኩባንያ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ተክሎ በ2014 የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ አቅርቧል።

በኅዳር 2019 በቦርዶ አገር ካለው ከፖመሮል የመጣው የፔትሪስ ወይን ጠጅ የ2000 ምርት 12 ጠርሙሶች ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተላኩ፤ ክብደት በሌለበት ስፍራ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተውም በጥር 2021 ወደ ምድር ተመለሱ። በመጋቢት ወር በቦርዶ የወይን ጠጅ ተቋም ውስጥ 12 ቀማሾች ከጠፈር የመጣውን፣ በምድር ጓዳ ከቆየው የዚያው ዓመት ምርት ወንድሙ ጋር አስተያይተው ቀመሱት። ሁለቱም ያልተበላሹና ግሩም ሆነው ተገኙ፤ ሆኖም ከቀማሾቹ መካከል የጠፈሩ መዓዛው ይበልጥ የተከፈተ፣ ታኒኑም የለሰለሰ መሆኑን የመሰከሩ ነበሩ። አንዲት ቀማሽም በምድር የቀረው ከጠፈሩ ይልቅ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያህል ለጋ እንደሚመስል ገመተች፤ ግምቷም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከሕንድ ስለተመለሱት የዴስቱርኔል ጠርሙሶች ከተነገረው ጋር የሚቀራረብ ሆነ።